ኮሚቴው ከፎቅ የወረደበት ቀን

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራ፣ ለራሷ አንድም ቀን ጽፋ የማታውቅ ሴት ነበረች። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ዳስ ውስጥ፣ የጽሕፈት መኪናዋን ከፊቷ አድርጋ ትውላለች። ባሏ የካዳት፣ ውርሱን ወንድሙ የወሰደበት፣ ደመወዙ የተያዘበት፣ ልጁ የታሰረበት ሁሉ እየመጣ ከፊት ለፊቷ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል። እሷ አታቋርጥም። የሚያለቅሰው አልቅሶ፣ የሚራገመው ተራግሞ ሲወጣለት፣ ወረቀቷን ታስገባና "እሺ፣ አሁን የሆነውን ንገረኝ" ትለዋለች። ያ ሁሉ ለቅሶና እርግማን በአንድ ገጽ ተሰብስቦ ይወጣል። ቀኑ፣ ቦታው፣ የደረሰው በደል፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፤ በቃ። ዳኞቹ የእሷን ጽሑፍ ሳያነቡት በሩቁ ይለዩት ነበር ይባላል፤ አጭር ስለነበረ።

ሰፈር ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ትልቁም ትንሹም "እትዬ ማመልከቻ" ይላታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ኋላ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ላይ ሳይቀር በዚሁ ስም ተጽፎ ሲመጣላት፣ እሷም ለማረም መታገሉን ተወችው።

ባሏ ግንበኛ ነው። የሚኖሩበትን ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠራው እሱ ነው፤ በሥራ ቀን የሰው ቤት እየሠራ፣ የራሱን እሑድ እሑድ ብቻ ስለሚነካው ሦስት ክፍል ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። በመጀመሪያው ክፍል ተጋቡ፣ በሁለተኛው ልጃቸው ተወለደች፣ ሦስተኛው ሲያልቅ ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። የድንጋዩ መጋጠሚያ ምላጭ አያሾልክም። ጎረቤት ግድግዳ ሲያስገነባ እሱ ሳይጠሩት ሄዶ ቱንቢውን ይዘረጋል፤ ከተዛባ ደግሞ ፊት አይቶ አያልፍም። በዚህ ምክንያት ከስንቱ ጋር ተኳርፏል።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ወደቀ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት፣ ምላሱም ተሳሰረ። ከሆስፒታል ሲወጣ አፉ ላይ የተረፈችው ቃል አንዲት ነበረች፤ "እኮ"። ሐኪሙ ይህቺ ቃል ከሌላው ተለይታ ለምን እንደቀረች ሊያስረዳት ሞክሮ ነበር፣ አልገባትም። የገባት ሌላ ነገር ነው። የራበው ጊዜ የሚላት "እኮ" አለች፣ "ብዬሽ አልነበር" የሚልባት "እኮ" አለች፣ ራዲዮውን ዝጉልኝ የሚልባት፣ የሚስቅባትም አለች። ስድስት ወር ሳይሞላ ሁሉንም ለይታ አወቀቻቸው። ዳሱን ዘግታ፣ መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከአልጋ ሥር አስገብታ፣ እሱን ማስታመም ሥራዋ ሆነ። የሚኖሩት እሱ ይሠራበት ከነበረው የሕንፃ ድርጅት በሚመጣው ጡረታ ነው። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸውም አልፎ አልፎ ትደጉማቸዋለች።

ነገሩ የመጣው በአስፋልቱ በኩል ነው። መንገዱ የተነጠፈ ጊዜ ሰፈሩ ደስታውን አልቻለውም ነበር። ጭቃው ቀረ፣ ታክሲ በር ድረስ መጣ። መንገዱ ሲያምር ቤቱም በመንግሥት መዝገብ ላይ አብሮ እንደሚያምር ግን ማንም ልብ አላለም። በዓመቱ ፖስተኛው በየበሩ የቤት ግብር ማሳወቂያ እየጣለ ሲያልፍ ጸሐፊዋም የራሷን አነሳች። ከአምናው አራት እጥፍ ነው። የተሳሳተች መስሏት መነጽሯን በቀሚሷ ጠርጋ ደግማ አየች፤ አራት እጥፍ ነው። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ጣሪያው ያው፣ መጸዳጃው ያው ጓሮ። ግድግዳው ካለቀ ወዲህ አንድ ድንጋይ አልተጨመረበትም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ለመክፈል ግን የግንበኛው ጡረታ እንዳለ ቢሰጥ እንኳ አይበቃም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ከትራሱ ቀና ብሎ ተመለከታት። ከዚያ እንደ ልማዷ ወረቀቱን ገለበጠችው። ሰው ፊቱን አይቶ የሚፈርመው ወረቀት ጀርባው ላይ ምን ተጽፎ እንደሚገኝ ሠላሳ ዓመት አይታለች። ከታች፣ ጉንዳን በሚያክሉ ፊደላት አንድ አንቀጽ አለ። ግብሩ በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ የጨመረበት፣ በቤቱ ውስጥ ራሱ የሚኖር፣ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ገቢው ያነሰ ባለቤት፣ ማሳወቂያው በደረሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ የእፎይታ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። "ይችላል" የሚለውን ቃል በእርሳስ ከበበችው።

ማሳወቂያው በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ ደላላ ሰፈር ውስጥ ታየ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ምላሱ ከጫማው የባሰ ሰው ነበር። በየቤቱ እየገባ፣ ግብሩ ገና መጀመሩ ነው፣ ከርሞ ይብሳል፣ ቅጣት ሳይከመርባችሁ ጥሩ ገዢ እያለ ተገላገሉ ይላል። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችው። ሲጨርስ፣ የሚለውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጎ ፈርሞ እንዲያመጣላት ጠየቀችው። ተመልሶ አልመጣም።

ልጇ ግን በስልክ ደላላው ያላትን ነው የደገመችላት፤ ያውም በእንባ።

"እማዬ፣ ሽጡትና እኔ ጋ ኑ። አንድ ክፍል ለቅቄ እየጠበቅኋችሁ ነው። በዚህ ዕድሜሽ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተቺ ማየት አልችልም።"

"አባትሽን ሳልጠይቀው ልምጣ?"

"አባዬ ምን ይላል?"

"'እኮ' ነዋ የሚለው።"

ልጅቷ ሳቀች። ጸሐፊዋ እሱን ከዚያ ቤት ማውጣት ማለት የቀረችውን አንዲት ቃል መንጠቅ እንደሆነ ልትነግራት ፈልጋ ተወችው። ሠላሳ ቀን ስጪኝ ብቻ አለቻት።

በማግሥቱ ባሏን እንድትጠብቅላት ለአንዲት ጎረቤቷ አደራ ብላ ግብር ቢሮ ሄደች። ሦስት ፎቅ ያለው፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ ማሳንሰር የሌለው ሕንፃ ነው። አንደኛው መስኮት ወደ አራተኛው ላካት፣ አራተኛው ወደ ሰባተኛው። ሰባተኛው መስኮት ላይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ተቀምጧል። እፎይታ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገራት። ወረቀቱን ገልብጣ የከበበችውን አሳየችው። መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ፤ ያንን ወረቀት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ አትሟል፣ ጀርባውን ግን አንብቦት አያውቅም። አለቃውን ጠይቆ ተመለሰ። መብቱ አለ፣ የሚሞላው ቅጽ ግን ገና አልታተመም፤ በሚመጣው ወር ይደርሳል አላት።

"ቀኑስ የሚያልፈው መቼ ነው?"

ሰውየው አቀርቅሮ ፊቱ ያሉትን ወረቀቶች ያስተካክል ጀመር። እሷም ልትጨቀጭቀው አልፈለገችም። ሰው ሲያፍር መልቀቅ እንደሚሻል ከሥራዋ ተምራለች። ከመውጣቷ በፊት ግን እስከ ሦስተኛው ፎቅ ወጥታ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያየው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በር የት እንደሆነ አየች። ስትወርድ ደረጃዎቹን ቆጠረቻቸው፤ ሃምሳ አራት ናቸው።

ቤቷ እንደገባች የጽሕፈት መኪናዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። የቀለም ሪባኑ እንደ ቅጠል ደርቋል። ከተማውን ብታካልልም ሪባን የሚሸጥ አላገኘችም፤ አንዱ ባለሱቅ እንዲያውም መኪናውን ለሙዚየም ትሸጥለት እንደሆነ ጠይቋታል። ካርቦን ግን አገኘች። ባዶውን ወረቀት ከካርቦኑ ሥር አድርጋ ያለ ሪባን ስትመታ ፊደሉ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ግንበኛው የመኪናውን ድምፅ ከሰማ አራት ዓመት ሆኖት ነበርና ከተኛበት ፈገግ አለ።

ድምፁ ተመለሰ እንጂ እጇ አልተመለሰም። የመጀመሪያው ማመልከቻዋ አራት ገጽ ሆነ። እሑድ እሑድ ስለተሸከሙት ድንጋይ አለበት፣ ስለ ልጃቸው መወለድ አለበት፣ ስለ ደላላው አለበት፣ ስለ አስፋልቱም እርግማን ቢጤ አለበት። አንብባ ስትጨርስ አፈረች። ሠላሳ አንድ ዓመት በርጩማው ላይ ሲቀመጡ ያየቻቸውን ሰዎች አሁን ገና አወቀቻቸው፤ የራስ ነገር እንደዚህ ነው ለካ። አራቱንም ገጽ ቀዳደደችና ጮክ ብላ ለራሷ፣ "እሺ፣ አሁን የሆነውን ንገሪኝ" አለች። ከዚያ በኋላ በአንድ ገጽ አለቀ። ቅጹ ስላልታተመ ይህ ጽሑፍ በቅጹ ምትክ እንዲያዝላት ጠየቀች፤ የጡረታውን ማስረጃና የሐኪሙን ወረቀት አያይዛ፣ በሰባተኛው መስኮት አስገባች። ኮፒው ላይ "ተቀብያለሁ" ብሎ ማኅተም እስኪመታላት ድረስም ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ባለመነጽሩ ደወለላት። ድምፁ የተቸገረ ሰው ድምፅ ነበር። ቤቱ በባሏ ስም ስለሆነ አመልካቹ እሱ ነው፤ ኮሚቴው ፊት በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት፣ ሐሙስ ጠዋት። መፈረም እንደማይችል ስትነግረው የጣት አሻራም ይበቃል አላት። ደረጃ መውጣት እንደማይችል ስትነግረው ለእሷ ውክልና ይስጥ አለ። ውክልናውን የሚሰጠው የት ነው ብላ ጠየቀች። ውክልና ለመስጠትም በአካል መቅረብ ያስፈልጋል፤ ያኛው ቢሮ ደግሞ ያለው በሌላ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህን እንደተናገረ ራሱ ሳቁ አመለጠው፤ ይቅርታም ጠየቃት። ኮሚቴው ቤት ድረስ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ደንቡ አይፈቅድም።

"ሕንፃው ድረስ ካመጣሁት ቀርቧል ይባላል?" አለችው።

ትንሽ አሰበና፣ "ሕንፃው ውስጥ ከገባ... አዎ፣ ቀርቧል" አለ።

ሐሙስ ጠዋት ባሏን ያደረሰላት ዳቦ አዳዩ ጎረቤቷ ነው። በየሱቁ ዳቦ የሚያከፋፍልባት ዝግ መኪና አለችው። እሱም ማሳወቂያ ደርሶታል፤ ፊቱን ብቻ አይቶ ጨምድዶ ጥሎታል፣ ከደላላውም ጋር ወሬ ጀምሯል። ግንበኛውን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ከዳቦ ሳጥኖቹ መሀል ጭነው ሄዱ። ሲያወርዱት ጥቁር ኮቱ ላይ ዱቄት ነበረበት፤ ጸሐፊዋ በመዳፏ አራገፈችለት፣ ከረቫቱንም አስተካከለች። ለሠርጉ እንኳ ይህን ያህል አልተጠነቀቀችለትም።

ከደረጃው ሥር ሲደርሱ ሁለት ጥበቃዎች እንሸከማቸው ብለው ቀረቡ። ደግ ሰዎች ነበሩ። ግንበኛው ግን በግራ እጁ የደረጃውን ብረት ጨምድዶ ያዘና፣ "እኮ" አለ፤ ዝቅ ባለ፣ በጠነከረ ድምፅ። ይህንኛውን ሰምታው አታውቅም፣ ግን ወዲያው ገባት። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የኖረ ሰው፣ ሕዝብ እያየው እንደ ድንጋይ አይሸከሙኝም ማለቱ ነው። ጥበቃዎቹን አመስግና፣ ከቦርሳዋ ማታውን መትታ ያዘጋጀችውን ግማሽ ገጽ አውጥታ ለኮሚቴው እንዲያደርሱላት ለመነቻቸው። እንዲህ ይላል፤ አመልካቹ በተቀጠረበት ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ቀርቧል። ኮሚቴው ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመካከላችን ያለው ሃምሳ አራት ደረጃ ነው። አመልካቹ መውጣት አይችልም፤ ኮሚቴው ግን መውረድ ይችላል።

ጠበቁ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። ባለጉዳይ ሲወጣ ሲወርድ እያያቸው ያልፋል፤ አንዳንዱ ምን ሆናችሁ ብሎ ይጠይቃል፣ እሷም ወረቀቷን ገልብጣ ጀርባውን ታሳያለች። ዳቦ አዳዩ የጠዋት ደንበኞቹ እየደወሉ ቢነተርኩትም ስልኩን አጥፍቶ አብሯት ቆመ። ከላይ አንድ ተላላኪ ወርዶ፣ ስማቸው ሲጠራ ካልተገኙ መዝገቡ ይዘጋል ብሎ ሄደ። ጸሐፊዋ ጥርሷን ነክሳ፣ ተገኝተናል ብለህ ንገርልኝ አለችው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ከላይ የእግር ድምፅ ተሰማ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበረች፤ ሞላ ያለች፣ የራሷም ጉልበት የሚያማት ሴት፣ ብረቱን ይዛ አንድ በአንድ ትወርዳለች። ከኋላዋ ፋይል የታቀፉ ሁለት ወንዶች ተከትለዋታል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ትቆጣለች ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሷ ግን ግንበኛው ፊት በርጩማ አስመጥታ ተቀመጠችና፣ አባባ፣ ቤቱን የሠራው ማነው ብላ ጠየቀችው።

ግንበኛው የግራ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "እኮ።"

ከዚያ ዓይኑ ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ ወዳለው የሕንፃው ግድግዳ ሄደ። አውራ ጣቱን አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካ፣ ራሱንም ነቀነቀ። "እኮ" አለ እንደገና፤ አሁን በትዝብት።

"ምን አሉ?" አለች ሰብሳቢዋ።

ጸሐፊዋ እውነቱን ልናገር ወይስ ልደብቅ ብላ አመነታች። "ግድግዳችሁ ተዛብቷል ነው የሚለው።"

ሰብሳቢዋ ዞር ብላ አየች። ሁለቱ ወንዶችም አዩ። ግድግዳው በእርግጥም ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ በየቀኑ እያለፉበት አንዳቸውም አላስተዋሉትም። መጀመሪያ የሳቀው ከመስኮቱ ወጥቶ ይመለከት የነበረው ባለመነጽሩ ነው፣ ከዚያ ጥበቃዎቹ፣ በመጨረሻ ሰብሳቢዋ። አሻራው በዚያው በሳቅ መሀል ተወሰደ። ስትነሳ ሰብሳቢዋ ጸሐፊዋን በቁም ነገር አየቻት፤ በአጭሩ የምትፈልጉት ምንድን ነው አለቻት።

"አልከፍልም አላልኩም" አለች ጸሐፊዋ። "የምችለውን ልክፈል፣ ከቤቴም አልውጣ፤ ይኸው ነው።"

ወሬው እነሱ ቤት ሳይገቡ ሰፈር ደረሰ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳቦ አዳዩ የጨመደደውን ወረቀት አቃንቶ ይዞ መጣ። በማግሥቱ ሰባት ሰዎች በሯ ላይ ተሰለፉ። ከሠላሳው ቀን የቀረው አሥራ ሰባት ነበር። ጸሐፊዋ መኪናዋን ግንበኛው አልጋ አጠገብ ዘርግታ፣ ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ዓይኗ እስኪፈዝ ትመታ ጀመር። ሠላሳ ሰባት ማመልከቻ ጻፈች። ለሁሉም አልጻፈችም ግን። አስፋልቱ ዳር ያለውን ቤቱን ከላይ እስከ ታች አከራይቶ ሌላ ቦታ የሚኖረው ነጋዴ ሲመጣ፣ አንተ ውስጡ አትኖርም፣ ይህ ለአንተ አልወጣም ብላ መለሰችው። የፈለግሽውን ልክፈልሽ ቢላትም እንቢ አለች። እስከ ዛሬ ሰላም አይላትም።

በሯን ያላንኳኳች አንዲት ሴት አለች። ከመታጠፊያው ላይ ብቻዋን ትኖር የነበረች ባሏ የሞተባት ሴት፣ ማሳወቂያው በመጣ በአሥረኛው ቀን ለደላላው ፈርማ ነበር። ጸሐፊዋ ይህን የሰማችው ቤቱ ሲፈርስ አቧራው መስኮቷ ድረስ ሲመጣ ነው። ሴትዮዋን አታውቃትም ነበር ማለት ይቻላል፤ ከእግዜር ሰላምታ አልፈው አያውቁም። ቢሆንም አንጀቷን በላት። ጀርባውን ያነበበች ዕለት በየበሩ እየዞረች ብትናገር ኖሮ ብላ ራሷን ስትወቅስ ከረመች። ቁጭቱም የቀሩትን ማመልከቻዎች ያለ እንቅልፍ እንድትጨርስ ያደረጋት ይመስለኛል።

ውሳኔው በወሩ መጣ። የጠየቀችው ሙሉ በሙሉ አልተፈቀደም። የቤቱ ግምት እንደገና ይታይ ያለችው ውድቅ ሆኗል። ጭማሪው ግን በአንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲገባ፣ በባሏ ሕመም ምክንያትም ከዚሁ ላይ ግማሹ እንዲነሳላቸው ተወስኗል፤ የሕመሙ ማስረጃ በየዓመቱ እየታደሰ። የሚከፈል ነው። ይከብዳል፣ ግን ይከፈላል። ለግንበኛው ድምፅ አውጥታ አነበበችለት። ውድቅ የሆነው ላይ ስትደርስ ተናደደች፤ እሱ ግን ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ ገለበጠና ጀርባውን አሳያት። ይግባኝ ማለት ይቻላል ይላል። አይታው አልነበረም። ሁለቱም በሳቅ ወደቁ፤ እሱ እስኪያስለው ድረስ። ከሠላሳ ሰባቱ ሃያ ዘጠኙ ተፈቅዶላቸዋል፣ ስምንቱ ተከልክለዋል፤ የስምንቱንም ይግባኝ ጻፈች፣ ዘጠነኛውን የራሷን።

ልጃቸው ለእረፍት ስትመጣ ክፍሉን ለቅቃ እንደምትጠብቃቸው ደግማ ነገረቻት። ጸሐፊዋ በዚህ ጊዜ አልተከራከረችም። የምንመጣበት ቀን ይኖራል፣ ያን ጊዜ ደላላ ሳይሆን እኛ ነን የምንወስነው አለቻት። ልጅቷም ከዚያ በኋላ አላነሳችውም፤ እንዲያውም ከመሄዷ በፊት ሁለት እሽግ ካርቦን ገዝታ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችላት።

በዓመቱ ጸሐፊዋ አዲሱን የሐኪም ወረቀት ይዛ ሰባተኛው መስኮት ላይ ቀረበች። ቅጹ በመጨረሻ ታትሟል። ባለመነጽሩ አንዱን መዝዞ፣ እንዳለፈው ዓመት መድከም የለም፣ አሁን ክፍት ቦታውን መሙላት ብቻ ነው አላት ደስ ብሎት። ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ገልብጣም አነበበችው። የፊርማ ቦታ አለው። መፈረም የማይችል ሰው የት ላይ አሻራውን እንደሚያሳርፍ፣ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ማን ዘንድ እንደሚቀርብ ግን የሚል የለበትም።

ቅጹን ሞልታ ሰጠችውና አንድ ባዶ ወረቀት ለመነችው።

ባለመነጽሩ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ወረቀቱን አቀብሎ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ዞሮ ወጥቶ ወንበር አመጣላት።